የኡስታዝ ወግዲ ቅርጫት

ፀጉር አስተካካዩ አሞ በዩሚ እንደሚሉት፣ ኡስታዝ ወግዲ የሞቱት ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እስክንድርያ ሆስፒታል ውስጥ ነው። «ለመጨረሻ ጊዜ ጢሙን የላጨሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። «ሬሳውን ይዘን እስከ አባቶቹ መንደር፣ እስከ ሶሃግ ድረስ፣ አሥር ሰዓት ሙሉ በመኪና ሄደናል። ቃሬዛውን የተሸከመው ይሄ ትከሻ ነው። አፈር ሲለብስ ቆሜ አይቻለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላምጣላችሁ?»

ሚስታቸው ሲት ኢንሳፍ እንደሚሉት ደግሞ፣ ኡስታዝ ወግዲ ከእስክንድርያ በሕይወት ተመልሰው ፎቅ ቤታቸው ውስጠኛው ክፍል ተኝተዋል። እንግዳ አይወዱም እንጂ ደህና ናቸው። «በዩሚ የማንን ጢም እንደላጨ እሱ ይወቅ» ይላሉ። «ወግዲ ትናንት የሞሎኪያ ወጥ በሩዝ በልቶ፣ ጨው አነሰው ብሎ ተቆጥቶኛል። የሞተ ሰው ጨው አነሰው ይላል እንዴ?»

ሁለቱም ውሸታም አይደሉም። አሞ በዩሚ ራሰ በራ ልትሆን ስትጀምር መስተዋት ፊት አስቀምጠው በግልጽ የሚነግሩህ ሰው ናቸው። ሲት ኢንሳፍም ጎረቤት ምግብ የላከበትን ሳሕን ባዶውን መልሰው አያውቁም። የሐዘን ድንኳን አልተተከለም፤ ሲት ኢንሳፍ «ለማን?» ብለው ከልክለዋል። ቀብሩም ሩቅ አገር ስለነበር ከአሞ በዩሚ በቀር ከከተማችን የሄደ ሰው የለም። ነገሩን አጥብቆ የጠየቀም አልነበረም። የማይጠየቅበት ምክንያት ቅርጫቱ ነው።

ኡስታዝ ወግዲ ከአስተማሪነት ጡረታ ከወጡ ጀምሮ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት በቅርጫት ነበር። በሰፈራችን ፎቅ የሚኖር ሰው ዳቦና አትክልት የሚገዛው ቅርጫት በገመድ ከበረንዳው ወደ ታች አውርዶ ነው። እሳቸውም ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ከቀትር ጸሎት በኋላ፣ ፀሐዩ ሰውን ሁሉ ከመንገድ ባባረረበት ሰዓት ቅርጫቱን ያወርዳሉ። ተማሪዎች የድርሰት ደብተራቸውን ያስገባሉ። ቅርጫቱ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ታርሞ ይወርዳል። ሕጉ አንድ ነው፦ በቀይ የታረመውን እንደታረመ ሦስት ጊዜ ገልብጠህ ትመልሳለህ። እንደገና ያርማሉ፤ እንደገና ትገለብጣለህ። ቀይ የሌለበት ገጽ እስኪወጣ ድረስ። ተማሪው «ነጭ ገጽ» ይለዋል። ነጭ ገጽ ያገኘ በሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተና ወድቆ አያውቅም ይባላል፤ ገጹን ሳይጨርስ ያቋረጠ ደግሞ አልፎ አያውቅም ይባላል።

ከረመዳን በኋላም ቅርጫቱ ወረደ። ደብተሮቹም በዚያው ወደ ግራ ባጋደለ እጅ ጽሕፈት፣ በዚያው ቀይ ታርመው ወረዱ። ወላጆች እርስ በርስ ተያዩና «ፈተናው ይለፍ እስኪ» ተባባሉ።

እኔ ሺሃብ እባላለሁ፤ በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ እኔንም ኡስታዝ ይሉኛል። ከስምንት ዓመት በፊት ከዚያ በረንዳ ሥር ከሚቆሙት ተማሪዎች አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ ስለ ቅርጫቱ ክፉ ለመናገር አልቸኩልም።

በግንቦት አጋማሽ፣ ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ማጠናከሪያ ስሰጥ፣ መጽሐፉ ላይ ያለውን አንድ ምንባብ አንብበን ጨርሰን መልመጃው ላይ ደረስን፦ «የምትተኛበትን ክፍል ግለጽ።» ረባብን አስነሣኋት።

ረባብ አምና በእንግሊዝኛ ብቻ ወድቃ ዓመቱን የምትደግም ልጅ ናት። ነርስ መሆን ነው ሐሳቧ፤ ደመንሁር ያለው የነርሶች ኮሌጅ የሚቀበላት ዘንድሮ እንግሊዝኛን ካለፈች ብቻ ነው። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ለሰፈሩ በሽተኛ ሁሉ መርፌ የምትወጋው እሷ ናት። «ኡስታዝ፣ የዚህን ከተማ ሰው ከፊቱ ይልቅ በመቀመጫው ነው የማውቀው» ብላ አንድ ቀን ክፍሉን በሳቅ አፍርሳዋለች።

ያን ቀን ግን እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ጀመረች። በእንግሊዝኛ ነው፤ አንድም ስህተት አልነበረበትም።

«ክፍሌ አንድ የብረት አልጋ አለው። መስኮቱ ተዘግቷል። ጣሪያው ላይ ስንጥቅ አለ፤ እንደ ወንዝ ወርዶ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ራስጌዬ ብርጭቆ አለ፣ ውስጡ ማንኪያ ቆሟል። ከታች የልጆች ድምፅ ይሰማኛል። ደብተራቸውን ይዘው እየጠበቁኝ ነው።»

ከኋላ ዚያድ የሚባለው ቀልደኛ «ረባብ፣ ቤታችሁ መቼ ነው ፎቅ የወጣው?» አለ። የረባብ ቤት ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለ ምድር ቤት ነው። ልጆቹ ሳቁ። ረባብ አልሳቀችም፤ መሳቅ እንዳለባት የገባትም አልመሰለኝም።

ከክፍል ስንወጣ ደብተሯን ተቀብዬ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ገጽ የመጋቢት ነው፤ የራሷ የረባብ፣ በስህተት የተሞላ፣ ደስ የሚል። «ክፍላችን ሁለት አልጋ አለው። ከእኅቴ ከኑሃ ጎን ነው የምተኛው። መስኮቱ ወደ ዳቦ ቤቱ ያያል፤ ጠዋት የዳቦ ሽታ ይቀሰቅሰናል።» በመጀመሪያው እርማት ቀዩ የነካው ስህተቶቿን ብቻ ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማርመው። በሁለተኛው እርማት «ሁለት» የሚለው ተሰርዞ በላዩ «አንድ» ተጽፏል። በሦስተኛው የኑሃ ስም ላይ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ተሰምሯል፤ በምትኩ የተጻፈ ነገር የለም። በአራተኛው መስኮቱ ተዘጋ። በአምስተኛው ዳቦው ጠፍቶ ስንጥቁ መጣ። እሷም በየተራው ሦስት ሦስት ጊዜ፣ በንጹሕ እጅ ጽሕፈት ገልብጣዋለች። ወደ መጨረሻው የእሷም እጅ ወደ ግራ ማጋደል ጀምሯል።

«ረባብ፣ ይሄ እኮ ስህተት አልነበረም» አልኳት። «ሁለት አልጋ ካላችሁ ሁለት ነው የሚባለው።»

«ቀይ ነው እኮ ኡስታዝ።»

«ገባኝ። ግን እውነት አይደለም።»

«ፈተና እውነት አይጠይቅም» አለች፣ ልክ ትንሽ ልጅ እንደምታስረዳ። «አምና ገጹን ሳልጨርስ ትቼ እውነቱን ጽፌ ገባሁ። የሆነውን ያውቃሉ።»

ደብተሯን ዘግቼ መለስኩላት። እኔም ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ «ፈታኙ ቤትህን መጥቶ አያይም፤ የምትችለውን ዓረፍተ ነገር ጻፍ» እላለሁና።

በማግስቱ ኑሃ ራሷ አስተማሪዎች ክፍል በር ላይ ጠበቀችኝ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ለወትሮው አፏ አያርፍም።

«ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳይስቁብኝ» አለች። «አልጋዬን ወደ ሳሎን አወጣችው። እናቴ ስትጠይቃት 'ትርፍ ነው' አለች። መስኮቱን በምስማር መታችው፤ በዚህ ሙቀት! ከዚያ ወዲህ ስሜን ጠርታው አታውቅም። ትናንት ደግሞ ጎረቤታችንን የሳሚራን እናት እንድትወጋ ተጠርታ፣ 'መነሣት አልችልም' አለች። ቆማ እኮ ነው! በር ላይ ቆማ 'መነሣት አልችልም' አለች።»

«ታማ ይሆን?»

«ትኩሳት የላትም፣ ለክተናል። እናቴ 'የፈተና ጭንቀት ነው' ትላለች። እኔ ግን እኅቴን አውቃታለሁ። የፈተና ጭንቀት ሲይዛት ትበላለች እንጂ ጣሪያ አታይም።»

ሁለት የሚጋጭ ነገር ሰምቼ ራሴ ሳላይ አንዱን ማመን ልማዴ አይደለም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ወጥቼ በቀጥታ ወደ ፎቁ ቤት ሄድኩ። አሞ በዩሚ ከፊት ለፊት ካለው ሱቃቸው ምላጭ እንደያዙ አዩኝ። «የት ነው?» አሉ።

«ኡስታዝን ልጠይቅ።»

«እንግዲያው ሶሃግ ነዋ የሚሄደው፣ መኪናው በዚያ በኩል ነው» አሉና ወደ ደንበኛቸው ዞሩ። ሲቀልዱ ግን ፊታቸው አልሳቀም።

ሲት ኢንሳፍ ከፍተው አስገቡኝ። ሳሎኑ ወለል ላይ ጋዜጣ አንጥፈው የካርካዴ አበባ እየለቀሙ ነበር፤ ጣቶቻቸው እስከ መገጣጠሚያቸው ቀልተዋል። ከጎናቸው ቅርጫቱ፣ ውስጡ ሠላሳ ያህል ደብተር። ቀዝቃዛ ካርካዴ ቀዱልኝ።

«ልታየው አትችልም ልጄ፣ ተኝቷል» አሉ ሳልጠይቃቸው። «ደረጃውን ስትወጣ ግን ሰምቶሃል። 'ሺሃብ ነው፤ አሁንም ሁለት ሁለቱን ነው የሚዘለው' አለኝ።»

በእርግጥ ሁለት ሁለቱን ነበር የዘለልኩት። ይህን ግን ሳሎን የተቀመጠም ሰው መስማት ይችላል።

«ሲት ኢንሳፍ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ እንግሊዝኛ ያነባሉ?»

እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። «እኔ? የመድኃኒቱን እንክብል እንኳ በቀለሙ ነው የምለየው!»

የውስጠኛው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከተቀመጥኩበት የአልጋው ግማሽ ይታየኛል፦ ብረት ነው፤ አንሶላው ነጭ፣ እንደ ከበሮ የተወጠረ፣ ማንም ያልተኛበት። በላዩ ጣሪያው ላይ ስንጥቅ ወርዶ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ፣ ውስጡ ማንኪያ። ረባብ ወደዚህ ቤት ወጥታ አታውቅም፤ ከተማሪ ማንም ወጥቶ አያውቅም። ደግሞ ድምፅ ነበር፤ ጥፍር ወረቀት ላይ እንደሚጭር፣ ቆም እያለ የሚቀጥል ድምፅ። በጣሪያው ላይ ርግቦች አሉ። የርግብ እግር ቆርቆሮ ላይ እንዲህ ይጭራል። ያየሁት ግማሽ አልጋ ባዶ ነበር፤ ሌላውን ግማሽ ስላላየሁት ስለ እሱ ምንም ማለት አልችልም።

«አንድ መልእክት ያድርሱልኝ» አልኩ። «ረባብን ይተዉአት። የቋንቋው ነገር ከዚህ በላይ አይታረምም፤ ደርሳለች።»

ሲት ኢንሳፍ ቀስ ብለው ተነሥተው ገቡ። በሩ ተዘጋ። የሚጭረው ድምፅ ቆመ። ንግግር አልሰማሁም። ተመልሰው መጥተው ቅርጫቱን በእግራቸው ወደ ጥላው ገፋ እያደረጉ፣

«ገጿን አልጨረሰችም፤ ትጨርስ ብሏል» አሉ። «ደግሞም 'ሺሃብ የራሱን ጨርሶ የለ? ምን ጎደለበት?' አለ።»

ከዚያ ቤት በቀጥታ ወደ እናቴ ቤት ሄጄ፣ ከአልጋዋ ሥር ካለው የቆርቆሮ ሳጥን የድሮ ደብተሬን አወጣሁ። የፈለግሁትን ገጽ አልረሳሁትም፤ ነጭ ገጼ ስለነበር እናቴ ለዘመድ ሁሉ ስታሳየው ኖራለች። የረሳሁት ከፊቱ ያሉትን ገጾች ነው። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «አባቴ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። እጄ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ሽታውን እወደዋለሁ። እስክንድርያ ሄጄ የመርከብ መሐንዲስ እሆናለሁ።» ቀዩ በመጀመሪያ ስህተቶቼን ነካ። ቀጥሎ ናፍጣውን ሰረዘ። ቀጥሎ እስክንድርያን። በመጨረሻው፣ እናቴ ለዘመድ ባሳየችው፣ ቀይ በሌለበት ገጽ ላይ፦ «እዚሁ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ።» ሦስት ጊዜ ተጽፏል። በእኔ እጅ፣ ወደ ግራ ባጋደለ እጅ።

ያኔ ምን እንዳሰብኩ ትዝ አለኝ። ዓረፍተ ነገሩ ከራሴው ይልቅ የተሻለ ነው፣ አጭርና ንጹሕ ነው፣ ብዬ ነበር ያሰብኩት። በፈተናው ከሃምሳ አርባ ሰባት አገኘሁ። ሥራዬን አልጠላውም። ያን ዕለት ግን ሥራዬን አለመጥላቴ ራሱ አስፈራኝ።

ፈተናው ቅዳሜ ስለነበር የዚያ ሳምንት የመጨረሻ ቅርጫት ወደ ሐሙስ ተዛውሯል። ረቡዕ ረባብን ለብቻዋ ጠርቼ ደብተሬን ዘርግቼ አሳየኋት። «ገልብጪም አትገልብጪም አልልሽም» አልኳት። «ገልብጬ አልፌያለሁ፤ ይሄ እውነት ነው። አንቺም ብትገለብጪ ታልፊ ይሆናል፤ ሰው የሚለው ልክ ከሆነ ደግሞ ብትተዪው ልትወድቂ ትችያለሽ። ግን አሁን የምሠራውን ሥራ እኔ እንደመረጥኩት ወይም እንዳልመረጥኩት ልነግርሽ አልችልም። አላውቅም።»

ናፍጣ የሚለው ቃል ላይ ጣቷን አሳረፈች። ከዚያ ደብተሬን ዘግታ ሰጠችኝና ወጣች።

ሐሙስ ከቀትር ጸሎት በኋላ መንገዱ እንደ ምድጃ ግሏል። ሠላሳ ያህል ተማሪ የፎቁን ጥላ ተጠግቶ ቆሟል። እኔ አሞ በዩሚ በር ላይ ቆምኩ፤ እሳቸውም ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛቸውን ትተው ወጡ። በረንዳው ላይ ሰው አይታይም፤ ገመዱ ብቻ ከተዘጋው መስኮት ሥር በብረቱ ላይ ተንሸራቶ ወረደ።

ልጆቹ ደብተራቸውን እየነጠቁ «ነጭ! ነጭ ነው!» እያሉ ጮኹ። ዚያድ ደብተሩን ሳመው። «በአላህ፣ ከዚህ በኋላ እናቴ ራሷ እንግሊዝ አገር ትሄዳለች!» አለ። የረባብ ብቻ መጨረሻ ላይ ቀረ። አንሥታ ገለጠችው። ከትከሻዋ በላይ አነበብኩት። የመጨረሻው ድርሰት ርእስ «የሚቀጥለው ዓመት» ነበር፤ እሷ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፦ «በሚቀጥለው ዓመት ደመንሁር፣ ነርሶች ኮሌጅ እሆናለሁ።» ከ«ደመንሁር» አንሥቶ እስከ «ኮሌጅ» ድረስ ቀይ መስመር አልፎበታል። በላዩ፦ «በዚህ ክፍል እሆናለሁ።» ከሥሩ፦ «ሦስት ጊዜ።» ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ አውራ ጣቷ ላይ ተነካካ።

ቅርጫቱ አልወጣም። ሁልጊዜ ደብተሮቹ እንደተወሰዱ ነው የሚነሣው። አሁን ባዶውን አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

«እየጠበቀሽ ነው» አለ ዚያድ፣ ድምፁ ቀልድ አልነበረበትም። «ጻፊና ስጪው በቃ፤ አንዲት መስመር ናት። እንኪ፣ ጀርባዬ ላይ አድርገሽ ጻፊ።» ጎንበስ አለላት።

ረባብ ደብተሩን ጀርባው ላይ ዘርግታ ብዕር አወጣች። አንድ ጊዜ ጻፈች። ከላይ ያ የሚጭር ድምፅ መጣ፤ ቀና ብዬ ጣሪያውን ባየው ርግብ አልነበረበትም። ሁለተኛ ጊዜ ጻፈች። አሞ በዩሚ በዝግታ «እኔ አፈር አልብሼዋለሁ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «በዚህ እጄ።» ሦስተኛውን መስመር ጀመረች። «በዚህ» ብላ ጻፈች።

ኑሃ ከልጆቹ መካከል ወጥታ ከእኅቷ ጎን ቆማለች። የረባብን ቀሚስ እጅጌ ብቻ ይዛለች፣ ሕፃን መንገድ ሲሻገር እንደሚይዘው። ረባብ ብዕሯን አቁማ እጅጌዋን ወደያዘው እጅ አየች፤ ከዚያ ወደ እኅቷ ፊት። ከንፈሯ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፣ የጠፋ ነገር በአፏ ውስጥ እንደምትፈልግ።

«ኑሃ» አለች።

ገመዱ ተወጠረ። ቅርጫቱ ከመሬት አንድ ስንዝር ተነሥቶ እንደገና ተቀመጠ።

ረባብ ደብተሩን ከዚያድ ጀርባ ላይ አንሥታ ዘጋችው። ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ቀና ብላ ወደተዘጋው መስኮት አየች። የምትናገረው ለሽማግሌ ስለነበር በአክብሮት ነው፤ ግን ድምፅዋ እስከ ዳቦ ቤቱ ተሰማ።

«ኡስታዝ ወግዲ! ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክፍላችን ሁለት አልጋ ነው ያለው። ገጹን አልጨርሰውም። ቅዳሜ ከነስህተቴ እፈተናለሁ!»